ከሁለተኛ «ለ» ማንም አይቀርም

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ተራ ቀን። ጠመኔ አልቆብኝ ከጎረቤት ክፍል ወሰድኩ... ሳላስፈቅድ። ሠላሳ ስምንት ልጆች፣ ሠላሳ ስምንት አፍንጫ፣ ሁሉም ይንጠባጠባል። መሀረብ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ጉልበቱ ላይ አስሮታል፤ የቆሰለ ወታደር ነኝ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ። ዳይሬክተራችን አዲስ ሐሳብ ወለደ። እሱ ይወልዳል፣ እኛ እናሳድጋለን። ከነገ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቀሪ ያነሰበት ክፍል ዋንጫ ይሸለማል፤ ልጆቹም አንድ ሙሉ ቀን መዋኛ ይወሰዳሉ። ዋንጫውን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ባለ ሁለት ጆሮ፣ የሚያብረቀርቅ። እውነቱን ልናገር? አማረኝ።

ባለ ክራቫቱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የሁለተኛ «ሀ» አስተማሪ ነው፤ በእኔና በእሱ ክፍል መሀል አንድ ግድግዳ ብቻ አለ። የንጽሕና ሽልማት የእሱ፣ የእጅ ጽሑፍ የእሱ፣ የመዝሙር የእሱ። እኔ ግድግዳዬ ላይ ያለኝ ጣሪያው ያፈሰሰው እድፍ ነው። ዋንጫውን አይቶ ወደ እኔ ዘንበል አለና፣ «አይዞሽ፣ አንቺም አንድ ቀን...» አለኝ።

አንድ ቀን? ቆይ፣ አሳይሃለሁ።

ሲስተር ብቻ እጃቸውን አወጡ። የትምህርት ቤቱ ነርስ ናቸው። ከሕንፃው በዕድሜ ይበልጣሉ እንላለን፣ በሌሉበት።

«የታመመ ልጅስ?» አሉ።

«ሲስተር ደግሞ! ሁልጊዜ በሽታ ብቻ ነው እንዴ የሚታይዎት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሥራዬ ነዋ!»

ሳቅን። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት ልጆቹን አስነሥቼ ንግግር አደረግሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ዋንጫ፣ መዋኛ፣ ክብር... ሁሉንም አስገባሁ። መጨረሻ ላይ ሞቅ ብሎኝ፣ «ቀሪ ማለት ክፍሉን የከዳ ማለት ነው!» አልኩ።

ጠበቃው እጁን አወጣ። ጠበቃው ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከፊት ሁለት ጥርስ ይጎድለዋል፣ ክርክር ግን አይጎድለውም።

«ቲቸር፣ የሞተ ሰውስ ከዳ ይባላል?»

«አንተ ሞተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ፤ ግን ፊቱ ይግባኝ እንደሚል ያስታውቃል። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን አንሥተን «ከሁለተኛ ለ ማንም አይቀርም!» አልን። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ባለ ክራቫቱ ይስማ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሹክሹክታ እንኳ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከፊት የምትቀመጠው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ ስሟን ስጠራ «አቤት» የምትለው ለራሷ ነው። ድምፅዋን ሰማሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።

ጥቅምት 8፣ አርብ

ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ። ሁለተኛ «ለ»፦ ዜሮ ቀሪ። ሁለተኛ «ሀ»፦ አንድ። በሰሌዳው በኩል ስድስት ጊዜ አለፍኩ። መጸዳጃ ቤቱ ግን በሌላ በኩል ነው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ሳል ገባ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የኋላው ረድፍ ይዘጋል። እንደ መዝሙር ቢቆጠር ኖሮ ዘንድሮ ሽልማቱ የእኔ ነበር።

ጠዋት የአንዱ እናት በር ላይ አስቆመችኝ። «ትንሽ ሞቅ ሞቅ ብሎታል፣ ዛሬ ቤት ላስውለው ብዬ ነበር...» እኔ ምን አልኩ? «ቤት ምን ይሠራል? እዚህ እናሳርፈዋለን!» አልኳት። ደስ አላት። ሥራ አላት፣ የሚጠብቅላት ሰው የላትም። እኔም ደስ አለኝ። ሰሌዳውም ደስ አለው።

ማሳረፊያውን ሠራሁ። በመስኮቱ ሥር ያለውን ረጅም አግዳሚ ወንበር ብርድ ልብስ አለበስኩት፤ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ አንድ ጆግ ውሃ፣ አንድ ኩባያ። ያመመው እዚያ ይቀመጣል፣ አቴንዳንሱ ላይ ራይት ይደረግለታል። ልጆቹ «ሆቴሉ» አሉት። ወዲያው ወረፋ ሆነ። ምንም ያልሆኑት ሁሉ ማሳል ጀመሩ። ጠበቃውማ ለመግባት ማመልከቻ ጻፈ! «ጉዳዩ፦ ሳል ስለ መጀመሬ» ይላል።

አምስት ሳላም ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ከአንድ ኩባያ እየጠጣ። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር እኮ...

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ዛሬ በሳቅ ልሞት! ባለ ክራቫቱ ክፍል ሦስት ልጆች ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል። ሰማዩ ደግሞ ደመና ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት።

«ፋሽን ነው» አለኝ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ፋሽን! ሲስተር በኮሪደሩ ሲያልፉ፣ «ሲስተር፣ ሁለተኛ ሀ ፋሽን ገብቷል፣ አይተዋል?» አልኳቸው። እሳቸው ገቡ፣ እኔ በበሩ አጮለቅሁ። መነጽሩን አንድ በአንድ አነሡት። ዓይናቸው ቲማቲም፣ ሽፋሽፍታቸው በዓይናር ተጣብቋል። ለካ በዕረፍት ሰዓት መነጽሩን በተራ ያደርጉታል፤ ለሌሎቹም ያውሱታል። ሲስተር ምን እንዳሉት በደንብ አልተሰማኝም፤ «አንተን ብሎ ክራቫታም!» የሚለው ግን ተሰምቶኛል።

ሦስቱም ወደ ቤት። የሁለተኛ «ሀ» ቀሪ ሊከመር ነው። ሲስተር ሲወጡ በሬ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ደግነቱ ሆቴሉ ላይ በዚያን ሰዓት ማንም አልሳለም።

«አንቺስ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን ሲስተር።»

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ጉድ! ጠበቃው ፊቱን ነጭ ተቀብቶ መጣ። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አንገቱ... የእናቱ ክሬም ነው። ሙሽራ መስሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቆዳዬ ደረቀብኝ።»

«አንገትህን የምታከው ለምንድን ነው?»

«ያንን ጥያቄ አልመልስም።»

ኮሌታውን ገለጥ ሳደርግ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች፣ ደርዘን ሙሉ። ጉድፍ! ምን አደረግሁ? ይኼን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም፤ ስለዚህ ልጻፈው። መጀመሪያ አቴንዳንሱ ላይ ራይት አደረግሁለት። ከዚያ ነው ሲስተር ጋ የላክሁት።

ሲስተር ራሳቸው ይዘውት ተመለሱ። «የመጨረሻዋ ፍሬ ደርቃ ቅርፊት እስክትሆን ቤቱ ነው። አንቺ፣ ጉድፍ ወጥቶልሽ ያውቃል?»

«በልጅነቴ።»

«ልጆቹስ?»

«እ...»

«አይዞሽ። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ እንቆጥራቸዋለን።»

ጠበቃው ቦርሳውን አንግቦ በሩ ላይ ዞረ። «ቲቸር፣ አልከዳሁም። ተገድጄ ነው። ይመዝገብልኝ።»

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ድምፄ ጠፋ። ጉሮሮዬ ውስጥ ጃርት የገባ ይመስላል። እናቴ ሻይ እያቀረበችልኝ፣ «ቅሪ» አለች። በእጄ ምልክት «አልቀርም» አልኳት። «አተርፍ ባይ አጉዳይ!» አለችኝ። የእኔ እናት ስትሳደብ እንኳ ተረት ነው።

ሄድኩ። ሙሉ ቀን በምልክት አስተማርኩ። መቀነስን በጣቴ፣ መደመርን በእግሬ። ልጆቹ እንደዚያ ቀን ተምረው አያውቁም። ድምፄ ይመለስ ወይስ ይቅር?

ጥቅምት 29፣ አርብ

ጠበቃው ተመለሰ፤ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ። ስድስት ቀን ቀርቶብኛል። ሌላ አንድ ልጅ አንድ ቀን። ሰባት። ሁለተኛ «ሀ» ስምንት። እየመራን ነው! ባለ ክራቫቱ ዛሬ «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ ጥርሱን ነክሶ ነው።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሹክሹክታ ታስላለች። እንደ እሷ ያለ ሳል ነው፣ ቀስ ያለ፣ ሰው እንዳይረበሽ። ሆቴሉ ላይ አስቀመጥኳት። «ደህና ነሽ?» ራሷን ነቀነቀች። እሷ ሁልጊዜ ትነቀንቃለች።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ግንባሯን ነካሁት። ይፋጃል።

ሲስተርን ልጥራ? ብጠራ ወደ ቤት ይልኳታል። ነገም ትቀራለች፣ ስምንት ለስምንት እንሆናለን። ከነገ ወዲያም ከቀረች...? ቁጥር ሳሰላ ራሴን ያዝኩት፤ ግን ማስላቴን አላቆምኩም። መሀረብ አርጥቤ ግንባሯ ላይ አደረግሁላት። «ትንሽ ነው፣ ይሻልሻል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ማምሻውን አባቷ ሊወስዳት መጣ፤ ሜትሩ እንደ ሁልጊዜው አንገቱ ላይ ነው። ልጅቷን ያሳደጋት ብቻውን ነው፣ ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት። «ቲቸር፣ ከእሁድ ጀምሮ ትኩስ ነው ሰውነቷ። ነገ ላስቀራት እንዴ?»

«ጠንካራ ናት እኮ!» አልኩ። «እሷ እንዳለችው ይሁን።»

እሷ እንዳለችው ይሁን... የሰባት ዓመት ልጅ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሹክሹክታ መጣች። አባቷ ላስቀርሽ ሲላት አለቀሰችበት። ይኼን በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ጠዋት ራይት አደረግሁላት፤ ሆቴሉ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ትተኛ አልኩ፤ እንቅልፍ መድኃኒት ነው አልኩ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠበቃው እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የተኛ ሰው አቴንዳንስ ላይ አለ ይባላል?»

«ይባላል። ሥራህን ሥራ።»

«በስሟ ስጠራት አትሰማም። ስቆነጥጣትም አትሰማም።»

«ለምን ቆነጠጥካት?!»

«ማስረጃ ፈልጌ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር... ወደ እሷ ዞር እስክል። አፏን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ሮጣ የመጣች ትመስላለች፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ ወንበር አልተነሣችም። ጠራኋት። ዓይኗን ገለጥ አደረገችና መልሳ ከደነችው። ውሃ ሰጠኋት፤ በአገጯ ፈሰሰ።

ጠበቃው ሳልልከው ሮጧል። ሲስተር ደረሱ። ሹራቧን ገለጡ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደረቷን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሿን ቆጠሩ። ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«አርባ ስድስት» አሉ። «ትኩሳቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዛሬ ነው» አልኩ።

ዋሸሁ! አፌ ከእኔ ቀድሞ ዋሸ። ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሐኪሙ ይጠይቀናል።»

«ከእሁድ ጀምሮ። ትናንት አውቄያለሁ።»

ሹክሹክታን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጓት። በሩ ላይ ባለ ክራቫቱ ቆሟል። «ሂጂ፣ ሁለቱንም ክፍል እኔ እይዛለሁ» አለኝ። ሰባ ምናምን ልጅ! ዳይሬክተሩ መኪናውን አስነሣ፣ አባቷን ከሱቁ በር ላይ አፍሰን ሆስፒታል ሄድን።

ሳምባ ምች ነው። ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላት፣ መርፌ ጀመሩላት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልጅ ስዕል ያለበት ገዋን ለብሳለች። «በጥሩ ሰዓት ደርሳችኋል» አለች። ተነፈስን። ቀጠለች፦ «ግን ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ብትመጡ ኖሮ በሽሮፕ ብቻ ቤቷ ትተኛ ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ጎን ተቀመጥኩ። ሜትሩን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። «እኔማ ላስቀራት ነበር... ክፍሉን ልክዳ እንዴ እያለች አለቀሰችብኝ። ከየት ነው ይኼን ያመጣችው?»

«ከእኔ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያልኩት። ትናንትም ግንባሯን ነክቼ ዝም ብያለሁ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «እኔም አባቷ ነኝ። ከልቅሶዋ ትንፋሿን ማየት ነበረብኝ» አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ብርድ ልብሱን አነሣሁ። ሆቴሉ ተዘጋ።

ምሳ ሰዓት ሲስተር ጋ ገባሁ። ግድግዳቸው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል፤ ስንት ዓመት አየሁት። «ይስደቡኝ፣ ይሻለኛል» አልኳቸው።

«አንቺ እንዲሻልሽ ብዬ አልሰድብም። ተቀመጪና ደብተር አውጪ።»

አስጻፉኝ። እንደ ልጅ! አፍንጫው የሚፈስ ግን የሚበላና የሚጫወት ይምጣ፣ እጁን ይታጠብ። ትኩሳት ያለው ይቅር፤ ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ ጠፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ሲሞላው ይመለስ። ያስታወከ ወይም ያስቀመጠው፣ ከቆመለት በኋላ ሁለት ቀን ቤቱ ይዋል።

«ቅማልስ?» አልኩ።

«ቅማል ይምጣ፣ ቤቱ ሲገባ ይበጠራል። ቅማል ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የጠላው?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «አሁን እስክሪብቶ ቀይሪ፣ ይኼ በቀይ ነው።» ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ሥር የሚሰረጉድ። መጠጣት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚመልስ። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ ሲጠሩት በደንብ የማይነቃ። አንገቱ የደረቀበት። ሽፍታ ወጥቶበት በብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ። ግማሽ ቀን ሙሉ ያልሸና።

«ከእነዚህ አንዷን ብታዪ?»

«እርስዎን እጠራለሁ።»

«እኔ ከሌለሁስ?»

«ሆስፒታል።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ትኩሳት ሦስት ቀን ካለፈስ፣ ልጁ ቢጫወትም?»

«ሐኪም ይየው።»

«ጎበዝ» አሉኝ። የእኔ ልጆች ጎበዝ ሲባሉ ያብጣሉ። እኔ አቀረቀርኩ።

ኅዳር 6፣ አርብ

ኦክስጅኑን አነሡላት። ጭማቂ ጠጣች። ትንፋሿን በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። እንደገና ቆጠርኩ። ነርሷ፣ «ደግሞ እርስዎ ማን ነዎት?» አለችኝ። «አስተማሪዋ» ማለት አሳፈረኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ደህና አድርጌ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሦስት ልጅ ጉድፍ። ሲስተር በቀጠሯቸው ልክ መጥተው ቆጠሩ።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠራኝ። ውድድሩ «ለጊዜው» ቆሟል አለ። ዋንጫው ከጠረጴዛው ላይ የለም፤ መሳቢያ ውስጥ ይሁን የት እንጃ። «ልጅቷም ድናለች። ነገሩን ለወላጆች አናራግበው። ዝም አይነቅዝም።»

እና እኔ? እሺ አልኩ! ለአባቷ ነግሬያለሁ፣ በቃ፣ ሌላው ምን ያደርግለታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠበቃው ቢሰማኝ በሁለት ጥያቄ ያፈርሰኝ ነበር። ፈራሁ፣ ያ ነው እውነቱ። ያቺ ልጇ ሞቅ ሞቅ ብሎት በር ላይ ያስቆመችኝ እናት፣ ዛሬ «እንደ አንቺ ያለ አስተማሪ የት ይገኛል!» አለችኝ። አመሰገንኳት። አመሰገንኳት እኮ!

ባለ ክራቫቱ ሻይ ይዞልኝ መጣ። «ከሰሌዳዬ ጀርባ እኔም ፍራሽ አንጥፌ ነበር» አለ። «ዕድል ነው ያንቺ ክፍል የሆነው።» ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው። አንገቱ ለካ ቀጭን ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሹክሹክታ ወደ ቤት ገባች። አንድ ሳምንት ያህል እዚያው ታርፋለች። ጠበቃው «ለምን ያህል ጊዜ ተፈረደባት?» አለኝ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

መጣች። ቀሚሷ ሰፍቷታል። አባቷን፣ «ልብስ ሰፊ ሆነው እንዴት አላጠበቡላትም?» ስለው፣ «ትሞላዋለች» አለኝ።

አቴንዳንስ፦ አራት ቀሪ። ሦስቱ ጉድፍ፣ አንዷ ስታስታውክ ያደረች። አራት ኤክስ። እያንዳንዱን አሰፋሁት።

የቃል ጽሕፈት ሊጀመር ደብተር ወጣ። ልክ በዚህ ሰዓት ጠበቃው ሆዱን ይዞ ተነሣ።

«የትኛው ጎን ነው የሚያምህ?»

«ሁለቱም፣ ተራ በተራ።»

ውሸቱ ከበር ይታያል። ላክሁት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሲስተርን ወረቀት ይዞ መጣ፦ «ፍጹም ጤነኛ፣ ፍጹም ቀጣፊ።» ይሁን። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? አሥር ጊዜ ልታለል፣ ግድ የለኝም።

ሹክሹክታ ይኼን ሁሉ ታያለች። ተነሥታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ጆሮዬን አቀረብኩላት።

«ቲቸር፣ አሁን ያመመው ሰው መቅረት ይችላል?»

«ይችላል።»

«ክፍሉን አልከዳም?»

«አልከዳም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ከዳ አልሽን?»

ዳይሬክተሩ ቢሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አያጣም። እኔ «ዋንጫው አምሮኝ ነው» አልኳት። «ተሳስቼ ነው። ይቅርታ።»

አሰበችበት። «ያኔ የነገርሽን ለሁላችንም ነው» አለችኝ።

ልክ ናት። ተነሣሁና ለሁሉም አልኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አጭሩ ይኼ ነበር። ጠበቃው ሆዱን ረስቶ እጁን አወጣ፦ «በቃል ብቻ ነው ወይስ በጽሑፍም?»

በጽሑፍም አልኩ። ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «የታመመ ልጅ ክፍሉን አይከዳም። ጓደኛችሁ እያመማት ክፍል ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ።»

እጄን አራግፌ ዞር ስል ሠላሳ አራት ራስ አቀርቅሯል። ይጽፋሉ! ሰሌዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይገለበጣል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። የቃል ጽሕፈት ደብተር ደግሞ በየማታው ወላጅ ይፈርምበታል። ያቺ እናት ትፈርማለች። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይፈርማል። ዳይሬክተሩ ራሱ የወንድሙ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለ።

«አቁሙ፣ ይኼ አይጻፍም» ልል አፌ ላይ ደረሰ። ማጥፊያውንም አንሥቻለሁ። ሹክሹክታ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሳለች፤ እርሳሷን ጫን አድርጋ ትጽፋለች።

ማጥፊያውን አስቀመጥኩ። በየወንበሩ እየዞርኩ የተሳሳተ ፊደል አረምኩላቸው። ነገ ጠዋት ሠላሳ አራት ፊርማ ይመጣል።